ባህር ለማየት የተነሳችው ታንኳ

እናንተ ልጆች፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። ሊያንቀላፋ የመጣ ካለ ከወዲሁ ይውጣልኝ።

ድሮ ድሮ፣ ወንዝ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አባይ ከጣና በሚወጣበት ዳርቻ አንዲት የደንገል ታንኳ ነበረች። ጌታዋ አያ ጫኔ ዓሣ አጥምዶ በተመለሰ ቁጥር ከውሃ ያወጣትና ዛፍ አስደግፎ ፀሐይ ላይ ያቆማታል። ደንገል ውሃ ይጠጣላ! ካልደረቀ ይሰምጣል። እሷ ግን መቆሙን እንደ ቅጣት ትቆጥረው ነበር።

አንድ ቀን ነፋስ ከዛፉ የታሰረችበትን ገመድ ፈታላትና ወደ ውሃው ገፋት።

"አያ አባይ፣ ወዴት ትሄዳለህ?" አለችው።

"ከሰከላ ተነስቼ፣ ጣናን ሰንጥቄ፣ ጎጃምን ዞሬ፣ በሱዳን በግብፅ አድርጌ ባህር እገባለሁ።"

"እኔንም ውሰደኝ።"

"ነይ። ግን ማደሪያ የለኝም፤ መቆም አላውቅም።"

"ደግ፤ እኔንም ያስመረረኝ መቆም ነው" አለች፣ ሞኝ።

ሄዱ፣ ሄዱ። ወገቧ ከበዳት።

"አያ አባይ፣ እስኪ ዳር አውጥተህ ፀሐይ አሙቀኝ።"

"ፊታችን ፏፏቴው ነው፣ ከዚያ ገደሉ። ካርቱም ደርሰን ከነጭ አባይ ስንገናኝ ይሻላል።"

ሄዱ፣ ሄዱ። ውሃው ጎኗን አለፈ።

"አያ አባይ፣ እባክህን።"

"ለካ ካርቱምም አይሆንም፤ ከዚያ ወዲያ በረሃ ነው፤ እሱን ሳልሰነጥቅ አልቆምም። ግብፅ ስንገባ እናያለን።"

ሄዱ፣ ሄዱ። አፍንጫዋ ብቻ ቀረ።

"አያ አባይ፣ መስጠሜ ነው።"

"ግብፅ ላይማ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እሆናለሁ፤ ማን ይይዝሻል? ባህሩ ጋ ስንደርስ ይሁን።"

"ባህሩ ዳር መደገፊያ ዛፍ አለ?"

"እኔ እንጃ። ባህር ከገባሁ በኋላ እኔ ራሴ የለሁም።"

ታንኳዋ ክው አለች። ገና ፏፏቴው እንኳ አልታለፈም፤ ከፊት ያጓራል። ይህን ጊዜ አንድ ጉማሬ ብቅ አለ። ጉማሬና ታንኳ ደመኛ መሆናቸውን ታውቃላችሁ፤ "በቃ፣ አለቀልኝ" አለች። ጉማሬው ግን በግንባሩ እየገፋ ደለሉ ላይ አወጣት።

"ምነው አተረፍከኝ?"

"እኔ ቀኑን ውሃ ውስጥ ብውልም፣ ሲመሽ ሣር ፍለጋ የብስ እወጣለሁ። ይህን ሁሉ ሰውነት ይዤ ሳልወጣ አላድርም፤ አንቺ እፍኝ ደንገል ሳትወጪ ልታድሪ ምን ቤት ነሽ?"

አያ ጫኔ ዳር ዳሩን ሲፈልግ አገኛት። "አንቺ ጉደኛ፣ ወዴት ልትሄጂ ኖሯል?" እያለ አንስቶ ዛፍ አስደገፋት። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ሲወርድላት፣ ጀርባዋ ሲሞቅላት፣

"እፎይ" አለች። "እፎይ፣ አያ ጫኔ። ነገም አቁመኝ።"

ተረቴን ጨረስኩ፤ የሰማችሁ ላልሰማው ንገሩ። ማረፍ ቅጣት የሚመስለው፣ መስጠምን ላላየ ነው።