ሐይቁ የታፈነ ዕለት

ይህ የሆነው በአንድ ወቅት፣ የታኅሣሥ ብርድና ንፋስ በበረታበት ሰሞን፣ ዙሪያውን ገደል በከበበው ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። በከተማዋ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል አብረው የሚማሩ ሦስት ልጆች ነበሩ።

አንደኛዋ ይታይሽ ትባላለች። ልብ ወለድ ካገኘች እህል ውሃ አትልም። የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት ስትጨርስ ከጎረቤት ትዋሳለች፤ ከጎረቤት ስታጣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ዘርግታ ታነባለች። የሳይንስ መምህሯ መምህር ኃይለመለኮት በክፍለ ጊዜያቸው ልብ ወለድ ስታነብ ደጋግመው ይዘዋታል። «ተረቱን ተዪና ወደ ቁም ነገሩ ተመለሺ» ይሏታል። እሷ ግን ፈተና ላይ ሌሎቹ ረጅሙን ጥያቄ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያነቡት፣ አንዴ ዓይኗን ጥላበት ምን እንደተጠየቀች ይገባታል።

ሁለተኛው ናሁሠናይ ነው፤ የክፍሉ አንደኛ። ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ ገልጦ አያውቅም። በእጁ ያልሞከረውን ነገር ግን ማንም ቢነግረው አይቀበልም።

ሦስተኛው ዳምጠው በማርክ ከመካከለኛ በታች ነው። አባቱ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ይታይሽ የጨረሰችውን መጽሐፍ ይዋስና ወረፋ ለሚጠብቁት ደንበኞች ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ሰው የት ላይ እንደሚሰለች፣ የት ላይ ጆሮውን እንደሚያቆም የተማረው እዚያ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከተማው ሲነሣ ሐይቁ ጠቁሮ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። ዳር ዳሩ በሞተ ዓሣ ነጭ ሆኗል። ያ ሁሉ ሰው የሚኖረው በዓሣው ነውና ጩኸቱ ቀለጠ።

«መርዝ ነው!» አለ አንዱ። ወዲያው ሁሉም ወደ አቶ ጎሳዬ ዞረ። አቶ ጎሳዬ በቅርቡ ከሌላ አገር የመጡ አጥማጅ ናቸው፤ በዋዜማው ከጀልባቸው ላይ ከረጢት ሲያራግፉ ታይተዋል።

«ፉርሽካ ነው፤ ዓሣው እንዲሰበሰብልኝ ነው» አሉ። የሰማቸው የለም። ወጣቶቹ ጀልባቸውን ሊያቃጥሉ ክብሪት ያዙ። ከመካከላቸው «እሱንም አብረን ነው እንጂ» የሚል አልጠፋም። ሽማግሌዎቹ ለምነው እስከ ቀትር አስታገሧቸው።

ይታይሽ ከዳር ቆማ ሽታው ሲመጣባት ደነገጠች። ይህን ሽታ አፍንጫዋ ባያውቀውም አንብባዋለች። በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ በሐይቅ ዳር የምትኖር መበለት ነበረች፤ ብርድና ንፋስ በሰነበተ ማግሥት ሐይቋ ተገለበጠ፣ አየር የሌለው፣ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት የሥር ውሃ ወደ ላይ ወጣ፣ ዓሣውም ታፍኖ አለቀ። እየሮጠች መምህር ኃይለመለኮት ዘንድ ደረሰች።

«ቲቸር፣ መርዝ አይደለም! ሐይቁ ተገልብጦ ነው።»

«የት ሰማሽው?»

«ልብ ወለድ ላይ አነበብኩት።»

አጠገባቸው የነበሩ ሰዎች ሳቁ። ይታይሽ ንቅንቅ አላለችም። «ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቀው ይከብዳል ብለው አስተምረውናል። ሌላው ልጅ ሲሸመድደው ለእኔ የገባኝ ያን ሐይቅ በልቤ ስለማውቀው ነው። ላይኛው በብርዱ ቀዝቅዞ ሰመጠ፤ የሥሩ ወጣ። እርስዎ ያስተማሩን ነው እኮ፣ ቲቸር!»

መምህሩ ወደ ሐይቁ ዞረው አዩ። ትምህርቱን ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ጽፈውታል፤ በየቀኑ የሚያዩት ሐይቅ ላይ ግን አስበውት አያውቁም።

ናሁሠናይ ይህን ሁሉ ሰምቷል። «ልብ ወለድ ማስረጃ አይሆንም» አላት። «ግን መሞከር ይቻላል።» በአቅራቢያው ካለ የምንጭ ጅረት ትንንሽ ዓሣዎች በሕይወት አጥምዶ መጣ። ሁለት ሳፋ በሐይቁ ውሃ ሞላ። አንዱን ሳይነካ አስቀመጠው። የሌላውን ውሃ በባልዲ እያነሣ፣ ከከፍታ እያንቆረቆረ፣ መልሶ እያነሣ አየር መገበው። ክንዱ ዛለ፤ አላቆመም። ከዚያ ዓሣዎቹን ለሁለት ከፍሎ ጨመረ። «መርዝ ከሆነ ሁለቱም ጋ ይሞታሉ» አለ። «የጎደለው አየር ከሆነ ግን እዚህ ያሉት ይተርፋሉ።» ይህን ብሎ ማንቆርቆሩን ቀጠለ።

ነገሩ ጊዜ ይፈልግ ነበር፤ ወጣቶቹ ግን ቀትርን አልጠበቁም። ችቦ ለኩሰው ወደ ጀልባው ወረዱ። ዳምጠው ቀደማቸውና ዘሎ ጀልባው ውስጥ ተቀመጠ።

«ውረድ አንተ!»

«አልወርድም።»

«አብረህ ትቃጠላለህ!»

«ካቃጠላችሁኝ በኋላ የምነግራችሁን አትሰሙም። መጀመሪያ ስሙኝ።» ተነሥቶ ቆመና መተረክ ጀመረ። ከይታይሽ የሰማውን የመበለቲቱን ሐይቅ የራሳቸው ሐይቅ አደረገው። ሥሩ ያለው ውሃ ፀሐይ ሳያይ፣ አየር ሳያገኝ እንዴት እንደሚኖር፣ ብርዱ ከላይ ሲጫነው እንዴት እንደሚነሣ፣ ዓሣው ትንፋሽ ፍለጋ ወደ ላይ ሲሮጥ እዚያም እንደሚያጣው ነገራቸው። ችቦ የያዘው ጎረምሳ ሁለት ጊዜ ቀረበ፤ ሁለት ጊዜም «ከዚያስ?» ብሎ ቆመ።

በመሐሉ ናሁሠናይ ከወዲያ ተጣራ፦ «ኑና እዩ!»

ሕዝቡ ሳፋዎቹን ከበበ። ባልተነካው ውሃ ውስጥ ያሉት ዓሣዎች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። በሌላኛው ውስጥ ያሉት ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ውሃው ያው የሐይቁ ውሃ ነው። ጎረምሳው ሄዶ ችቦውን ሐይቁ ውስጥ ከተተው። አቶ ጎሳዬ መሬት ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ወሬው ራቅ ያለ ከተማ ደረሰ። እዚያ ያለ የሳይንስ አዳሪ ትምህርት ቤት «ከእናንተ አንድ ልጅ በነፃ እናስተምራለን፤ ስሙን ንገሩን» ብሎ ላከ። ምርጫው በመምህር ኃይለመለኮት ላይ ወደቀ። ሦስቱንም ጠርተው ጠየቋቸው፤ እነሱም አልተግደረደሩም።

«ለእኔ ይገባል» አለች ይታይሽ። «ማንም ሳያዘኝ፣ ደስ ስላለኝ ብቻ ያነበብኩት ነው ነገሩን የፈታው። እኔ ባላነብ ኖሮ ናሁሠናይ ምኑን ይሞክር ነበር?»

«ያሰብሽውማ ልክ ላይሆን ይችል ነበር» አለ ናሁሠናይ። «እውነት መሆኑን ያወቅነው በእኔ ሳፋ ነው። ሳይንስ ደግሞ ይኸው ነው።»

ዳምጠው ጉሮሮውን ጠረገ። «በእሷ ሐሳብ ሰዎች ስቀዋል፤ የእሱ ዓሣዎች ገና አልሞቱም ነበር። እኔ ባልቆም ኖሮ ጀልባውም ሰውየውም አይተርፉም ነበር። ዕውቀት ለሰው ካልደረሰ ምን ይሠራል?»

መምህሩ አቶ ጎሳዬን አማከሩ፤ «ሕይወቴን ያቆየልኝ ዳምጠው ነው» አሉ። ርእሰ መምህሩ ለናሁሠናይ አደሉ። የይታይሽ እናት «ልጄን መጽሐፍ አነበብሽ ብላችሁ ስትቆጧት ኖራችሁ፣ አሁን ፍሬውን ለሌላ ልትሰጡ ነው?» ብለው ተቆጡ።

ቦታው አንድ ነው፤ ሦስቱም ይፈልጉታል፤ ሦስቱም ሠርተዋል። ነገ መምህር ኃይለመለኮት አንድ ስም መጥራት አለባቸው። እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ የማንን ስም ትጠሩ ነበር?