የሸማኔው ቀኝ እጅ

አንድ ሸማኔ ነበረ። ጥያቄሽን አልዘለልኩትም፣ ዘርፌ፤ «በሆስፒታላችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው አንድ ነው፣ ወረፋው ሰባት ወር ደርሷል፤ የቀጠሮ ወረቀት ሰጥቼ ከመሸኘት በቀር ምን ላድርግ?» ብለሽኛል። መልሱ እዚህ ሰውዬ ቤት ስላለ ነው ወደዚያ የምወስድሽ።

ሸማኔው አንድ ጠዋት ሲሸምን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ከዳው። የመንግሥት ሆስፒታል ገባ፤ ሐኪሞቹም ነፍሱን አተረፉለት፣ ይመስገኑ። ሲወጣ ግን «እጅህን የሚመልስልህ ፊዚዮቴራፒ፣ የእንቅስቃሴ ሕክምናው ነው» አሉትና እንዳንቺ ያለች አንዲት ደግ ሴት ከሰባት ወር በኋላ የሚያስቀርብ ወረቀት ሰጠችው። ሚስቱ ወረቀቱን ከሠርጋቸው ፎቶ ጎን ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሥራ ቀን መቁጠር ሆነ።

የአገራችንን ሰው ታውቂዋለሽ። ጠያቂው ጎረፈ። እህቶቹም፣ የእድር ሰዎቹም፣ ድሮ የተኳረፉትም ሳይቀሩ እጃቸውን እየታጠቡ ያጎርሱታል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ማን ሊጣላ! ሦስተኛው ሳይዋጥ አራተኛው አፉ ላይ ነው። ሊንቀሳቀስ ሲሞክር «ኧረ አንተ አትልፋ፣ እኛ እያለን!» ይሉታል። ቀኝ እጁ ከጋቢው ሥር ተኛ። በሦስተኛው ወር ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጠፉ። እሱም «መወርወሪያ የማይዝ እጅ ለሸማኔ ምኑ ነው?» እያለ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመረ። ፈርቶ ነበር። እኔም ብሆን እፈራለሁ።

አንድ እሑድ አንዲት ጎረቤት ልትጠይቀው መጣች። ሆስፒታሉ ውስጥ ያንኑ የፊዚዮቴራፒ ክፍል የምታጸዳ ሴት ናት። ምሳ ቀረበና እንድታጎርሰው ጠበቋት። እሷ ግን አላጎረሰችውም። ቀኝ እጁን ከጋቢው ሥር አወጣች፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቀስ ብላ ዘረጋች፤ የጠቀለለችውን ጉርሻ አስያዘችውና እጁን በእጇ ደግፋ ወደ አፉ ወሰደችው። ግማሹ ጋቢው ላይ ፈሰሰ።

ሚስቱ ተቆጣች። «ምነው እቴ፣ የታመመ ሰው እንዲህ ይንገላታል?»

«አትቀየሚኝ እትዬ» አለች ጎረቤቲቱ። «ባለሙያው ተራ ለደረሳቸው ሲያሳያቸው ወለል እየወለወልኩ በየቀኑ አየዋለሁ። ‹ቤት ስትገቡ በገዛ እጁ ይጉረስ፣ እናንተ ደግፉት› ይላቸዋል።»

«ታዲያ ለኛ የሚነግረን እንዴት ጠፋ?»

«ተራችሁ አልደረሰማ።»

ሚስቱ ጋቢውን ልትጠርግ ጎንበስ አለች። ሸማኔው ግን የጎረሰውን ውጦ «ድገሚኝ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ቤት ማጉረስ ቀረ። የመጣው ሁሉ እጁን መደገፍ ተማረ። ጋቢው በየቀኑ በወጥ እየተበላሸ በየቀኑ ታጠበ። ሰባተኛው ወር ደርሶ ባለሙያው እጁን ሲያገላብጠው «ጎሽ! ይሄ እጅ ሲሠራ ከርሟል፤ ከዚህ እንነሳለን» አለ። ሚስቱ እዚያው እንደቆመች እፎይ ብላ አለቀሰች። ዛሬ ይሸምናል። ጥለቱ አልፎ አልፎ ይዛባበታል፤ ይሸምናል ግን።

እንግዲህ ዘርፌ፣ ወረቀትሽ እንደ ጠያቂዎቹ ጉርሻ ነው። ከደግ ልብ ይወጣል፤ የተቀበለው ግን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ወረፋውን ያረዘምሽው አንቺ አይደለሽም። ባለሙያ እንዲጨምሩ አለቆችሽ ላይ ጩኺ፤ ሽማግሌ ካስፈለገሽ እኔም እመጣለሁ። እስከዚያው በሩን መክፈት ትችያለሽ። ወረቀቱን ከመስጠትሽ በፊት በሽተኛውንና አስታማሚውን ባለሙያው ክፍል ግማሽ ሰዓት አስገቢያቸው፤ ባለሙያው የሚያሳየውን ይዩ፣ ይጠይቁት። ያቺ ሴት መወልወያ ይዛ ያየችውን ባለወረፋው እንዳያይ የሚከለክል ሕግ አልሰማሁም። ነገ ጠዋት መጀመሪያ ከሚመጣው ሰው ጀምሪ፤ ሰባቱን ወር እየሠራ ይጠብቅ።