ከኮምፔርሳቶው ማዶ ያለ ነፋስ

አንድ ጸጉር አስተካካይና አንድ ልብስ ሰፊ ድሬዳዋ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተው ይሠሩ ነበር። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ስስ ኮምፔርሳቶ ነው። ጸጉር አስተካካዩ ጃፈር፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ ይፍሩ ይባላሉ። ድሮ ሻይ አብረው የሚጠጡ ሰዎች ነበሩ፤ የጃፈር ደንበኞች የሚቀመጡባት አግዳሚ ወንበር የጋሽ ይፍሩን በር ጋረደች ተብሎ ተኳረፉና ሰላምታም ተዉ።

ሙቀቱ ሲበረታ አከራያቸው አዘኑላቸውና በሁለቱም ክፍል ኮርኒስ ላይ ቬንትሌተር አሰቀሉ። ሪሞቶቹንም ለሁለቱ አስጨብጠው ሄዱ። ጃፈር ደስታውን አልቻለውም፤ በማግስቱ አንድ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ሊስተካከል ቀጥሮታል። እነዚህ ልጆች ደስ ብሏቸው ከወጡ ሰፈሩ ሁሉ የእሱ ደንበኛ ነው። ከፍቷቸው ከወጡ ደግሞ ወሬው ቀድሟቸው ሰፈር ይደርሳል።

ሙሽራው መጥቶ ወንበሩ ላይ ተሰየመ። ጃፈር ሪሞቱን ወደ ላይ አነጣጥሮ ተጫነ። ቬንትሌተሩ ዝም። የግድግዳውን ማብሪያ አጥፍቶ አበራ። ወንበር ላይ ወጥቶ ተጫነ። ባትሪውን አውጥቶ ነከስ ነከስ አደረገና መለሰው፤ አልሆን ሲለው አዲስ ገዝቶ ቀየረ። ወይ ፍንክች! የሙሽራው ላብ ከመላጫው አረፋ ጋር ተደባልቆ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«አቦ ጃፈር፣» አለ ሙሽራው፣ «ለሠርግ ነው የምታዘጋጀኝ ወይስ ለቅቅል?»

ሚዜዎቹ ሳቁ። አንዱ ግን ከመንገዱ ማዶ ያለው ጸጉር ቤት ነፋስ እንዳለው አስታውሶ ሊሄድ ከመቀመጫው ተነሳ።

ጃፈር ጨነቀው። የፍጥነቱን ቁልፍ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ጨመረ። በጨመረ ቁጥር ከግድግዳው ወዲያ የጋሽ ይፍሩ ጩኸት ይበረታል፤ ወረቀቴን፣ ጨርቄን እያሉ ነፋሱን ይራገማሉ። መጀመሪያ ልብ አላለውም። ኋላ ግን ጣቱ ቁልፉ ላይ ቀረ። ማጥፊያውን ሲጫን እሳቸው ዝም አሉ። ማብሪያውን ሲጫን እንደገና ጮኹ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሪሞት እንደ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ማነጣጠር አያሻውም፤ በሬዲዮ ሞገድ ስለሚሠራ ስስ ግድግዳ አያግደውም። የሚታዘዝለት ግን አብሮት የመጣው ቬንትሌተር ብቻ ነው። አከራዩ ደግሞ ሪሞቶቹን ሲያድሉ አቀያይረዋቸዋል። ስለዚህ ጃፈር ነፋስ አምጣ ባለ ቁጥር ጋሽ ይፍሩ ላይ ነፋስ ይነሳል። እሳቸው ቁም ሲሉ ደግሞ ትእዛዙ የሚደርሰው ቀድሞውኑ ለቆመው ለጃፈር ቬንትሌተር ነው።

ጃፈር ይህ ሲገባው ሪሞቱን ይዞ ወጣ፤ የጎረቤቱ በር ላይ ሲደርስ ግን ቆም አለ። ስንት ጊዜ ሰላም ያላላቸውን ሰው ምን ብሎ ይጀምራል? ከኋላው ሊሄድ የተነሳው ሚዜ ጫማ ሲንቀሳቀስ ሰማና ገባ። ጋሽ ይፍሩ የልብስ ልኬት ወረቀታቸው እንዳይበር በሁለት እጃቸውና በደረታቸው ተጭነው ጠረጴዛው ላይ ተደፍተዋል። ሪሞቱን በጥርሳቸው ይዘውታል።

«ጋሼ፣» አለ ጃፈር የያዘውን ሪሞት እያሳየ፣ «የእርስዎ ነፋስ በእኔ እጅ ነው። የእኔ ደግሞ በእርስዎ ጥርስ።»

ጋሽ ይፍሩ ሊኮሳተሩ ሞከሩ፤ ሳቃቸው ግን ቀደመና ሪሞቱ ከአፋቸው ወደቀ። «እኔ ደግሞ ስለ አግዳሚዋ ልትበቀለኝ አንድ ነገር ያስደረግህብኝ መስሎኝ ነበር፤» አሉ።

ተለዋወጡ። የጃፈር ቬንትሌተር ሲዞር ሙሽራው ዓይኑን ጨፍኖ እፎይ አለ፤ የተነሳውም ሚዜ ተመልሶ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ጃፈር አግዳሚዋን ራሱ ተሸክሞ ፈቀቅ አደረጋት። ጋሽ ይፍሩም ከቁርጥራጭ ጨርቅ መቀመጫ ትራስ ሰፉላት።

ወዳጆቼ፣ ነገር እንቢ ሲለን ዕቃውን እንደበድባለን፣ ባትሪ እንነክሳለን። የልፋታችን ነፋስ ግን አንዳንዴ ከግድግዳው ወዲያ የሌላውን ሰው ወረቀት ይበትናል፤ የምንፈልገው መፍትሔም ባኮረፍነው ሰው እጅ ይገኛል። ግድግዳው ስስ ነው፤ ከባዱ በሩን ማንኳኳት ነው።

እስቲ አስቡት፤ ዛሬ በእጃችሁ ያለው ሪሞት የማን ነው? የእናንተስ ማን ጋ ይሆን?