ገንዳውን የፈለጠችው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። ገበሬ ናት፣ ባሏ ሞቷል፣ ሦስት ላሞች ነበሯት።

ይርዳው፣ ጥያቄህን የዘለልኩ አይምሰልህ። ዘመዶችህ የዛሬ ሦስት ዓመት በአንድ ምስኪን እርሻ ላይ በሐሰት አስመሰከሩህ፤ እርሻውንም ወሰዱት። አሁን ደግሞ ለሌላ ሰው መሬት ማክሰኞ ችሎት ቅረብ ብለውሃል። አንተም መጥተህ፣ «የኔታ፣ አንዴ በሐሰት የማልኩ ሰው አሁን በምን አፌ እምቢ እላለሁ?» አልከኝ። ተቀመጥና ስማ።

በሴትዮዋ አገር ሣሩ ለከብት አይበቃም። በጋ ሲሆን ከብቱ ሜዳ ለሜዳ አጥንት እየለቀመ ያኝካል። ስለዚህ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከብት የሞተበት ቤት አጥንቱን ቀን ሙሉ ቀቅሎ፣ አድርቆና ወቅጦ፣ ከጨው ጋር ቀላቅሎ በመንደሩ መሃል ባለው የእንጨት ገንዳ ውስጥ ያፈሳል። የሁሉም ከብት ይልሳል። ሰጪው ይመረቃል። ከብቱን ከዚያ ገንዳ የከለከለ ሰው ግን አጥንቱን ያመጣውን ሰው እንደ ሰደበ ይቆጠራል።

አንድ ዓመት ከሴትዮዋ ላሞች አንዷ ታመመች። ትደነብራለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ የኋላ እግሯ ይከዳታል። በመጨረሻ ወድቃ ቀረች። ሴትዮዋም እንደ ልማዱ አጥንቷን ወቅጣ ገንዳው ውስጥ አፈሰሰች፤ ሽማግሌዎቹም መረቋት።

አራት ዓመት ምንም አልሆነም። በአምስተኛው የአንድ ባለጸጋ ላም መደንበር ጀመረች። ሰው ሁሉ «ዓይን ነው» አለ። ሴትዮዋ ግን ሄዳ አረማመዷን አየች። ልክ እንደዚያች እንደ ሞተችው የራሷ ላም ነበር የምትራመደው።

ላሟ ሞተች። ባለጸጋው አጥንቷን አስወቅጦ በስልቻ አስጭኖ መጣ፤ መንደሩም ከብቱን ነድቶ ተሰበሰበ። ሴትዮዋ ምሳር ይዛ ከገንዳው ፊት ቆመች።

«የኔ ላም እንዲሁ ነው የሞተችው። በሽታውን ያበላኋችሁ እኔ ነኝ። ዛሬ ማንም አይልስም» አለች።

«ቀን ሙሉ የተቀቀለ አጥንት ምን በሽታ ይቀረዋል?» አላት ባለጸጋው። «ያንቺን ስንቀበል ምን አልንሽ? የእኔ ሲሆን ተጠየፍሽ?»

«አንቱን አልተጠየፍኩም፤ የራሴን ሥራ ነው የተጠየፍኩት።»

ከኋላ አንዱ፣ «አንቺ አምጥተሽው አንቺው ልትከለክይን!» ብሎ ጮኸ።

«ታዲያ ከእኔ በላይ ማን ይከልክላችሁ?» አለችና ምሳሩን አነሳች። ገንዳውን ለሁለት ፈለጠችው።

አንድ የእንስሳት ሐኪም ስለዚህ ዓይነት በሽታ አጫውቶኛል። ትልም አይደለም፣ ተባይም አይደለም አለኝ። ከላሟ ከራሷ ገላ የሆነ፣ ፕሮቲን የሚሉት ነገር ይጣመማል። የተጣመመው አጠገቡ ያለውን ደህናውን እየነካ እንደ ራሱ ያጣምመዋል። ገላዋም የራሴ ነው ብሎ አይታገለውም። ሕይወት የለውምና ብትቀቅለው አይሞትም። ይህን ስሰማ ስንቱን መንደር እንዳስታወሰኝ አልነግርህም።

ሴትዮዋን አገለሏት። እሳት የሚያውሳት እንኳ ጠፋ። ሌላ ገንዳ ጠረቡ፤ እሱንም ሄዳ ፈለጠችው። ሦስተኛውን የሚጠርብ ሰው ጠፋ፤ ደከማቸው መሰለኝ። ቀድሞ የላሱት ከብቶች ግን አልዳኑም። በየዓመቱ አንድ ሁለት እያለ ይወድቅ ነበር፤ በወደቀ ቁጥር የሚረገመው የእሷ ስም ነው። ሁለቱ ላሞቿም ወደቁ። የሚያግዛት አጥታ ጉድጓዱን ብቻዋን ቆፍራ ከነአጥንታቸው ቀበረቻቸው። ገንዳው ከተፈለጠ በኋላ ከተገዙት ጥጆች ግን አንድም አልተንቀጠቀጠም። አመሰገኗት? አላመሰገኗትም!

እንግዲህ ይርዳው፣ ሴትዮዋ አንተ ነህ። አጥንቱም ያ የሐሰት ቃልህ ነው። ተናገርከው፣ ተመረቅክበት፣ ሦስት ዓመት ምንም አልሆነም። ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። እንዲያ ባይሆን ማክሰኞ ከአንተ ጋር የሚምሉት ሌሎች አራት ምስክሮች ከየት መጡ? ያንተን አይተው ነው የተጣመሙት። ዘመዶቼ ናቸው ትለኛለህ። ጠላት ቢሆኑማ ድሮ በታገልካቸው ነበር።

በምን አፌ አልክ። በዚያው በማልክበት አፍ ነዋ! እኔ ችሎት ቆሜ ውሸት ነው ብል ማን ይሰማኛል? አልነበርኩበትም። አንተ ግን ነበርክ። ማክሰኞ ቁምና የፊተኛውም ውሸት ነበር በል። ይታሰር ካሉ ታሰር። ዘመድ አይደለህም ካሉህም ይበሉህ፤ አትለምናቸው።

ደግሞ ማክሰኞን አትጠብቅ። እርሻውን ያስነጠቅከው ሰው ከወንዙ ማዶ በሰው መሬት ላይ እየቆፈረ ነው። መጀመሪያ ለእሱ ንገረው። ተነስ፣ ሂድ።