ስፖንዳው ላይ የተጻፈው ቃል

ዘርጋው የሚባል አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከጓደኞቹ እንዳያንስ ብሎ የመኪናው የኋላ ስፖንዳ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በቀይ ቀለም አጻፈ፤ "ስተርዲ" የሚል። "የማይበገር ማለት ነው" አለው ጻፊው ጉልማ። ቃሉና ሰውየው ተስማምተው ብዙ አገር ዞሩ።

አንድ ቀን ሲሚንቶ ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን እምቢ አለው። መንገድ ሠራተኞች የከመሩት አሸዋ ውስጥ ሰክቶት ቆመ። ሰው አልሞተም። ከብት አልሞተም። ሹፌሩ ግን አውርደው ስሙን ቢጠይቁት ጠፋበት።

ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ሲጨብጥ እጁ ይንቀጠቀጣል። መኪናው ሁለት ወር ሙሉ አጥር ሥር ተገተረ። የቤቱ እንጀራ ደግሞ ከዚያው መኪና ነው። ጓደኞቹ ሲያልፉ ክላክስ እየነፉ፣ "ስተርዲ! ዛሬም ጾም ነው?" ይሉታል። በመጨረሻ ሚስቱ፣ "እንሽጠውና እንገላገል" አለች። እሺ አላት፤ ከመሸጡ በፊት ግን ቃሉ እንዲፋቅለት ጉልማን አስጠራ።

"ምን አደረገህ?" አለ ጉልማ፣ ቤንዚን የነካ ጨርቅ ይዞ።

"ውሸት ነዋ! የገዛ ስሙን የረሳ ሰው የማይበገር ነው?"

ይህን ጊዜ ጎረቤቱ ጋሽ ይታገሱ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። ዕድሜ ልካቸውን እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠያቂ ስላጡ ሳይጠየቁ ይመልሳሉ።

"ዘርጋው፣ የዚህን ቃል ዘር ታውቃለህ?"

"ቃል ዘር አለው እንዴ ጋሼ?"

"አለው እንጂ! ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። መጀመሪያ በምት የደነዘዘ፣ ራሱን ያዞረው ማለት ነበር። ቀጥሎ እልኸኛ ሆነ። ጠንካራ የሆነው ቆይቶ ነው።"

ሹፌሩ ወደ ስፖንዳው ዞሮ ቃሉን አየው። ከዚያ፣ "እና ድሮ እንደኔ ነበር?"

"ቁርጥ አንተን።"

"ለመጠንከር ስንት ጊዜ ፈጀበት?"

"ኧረ ትውልድ አልፎበታል።"

"አንተ በሁለት ወር ነው የቸኮልከው" አለ ጉልማ፣ ጨርቁን ኪሱ እየከተተ።

ሹፌሩ ሳቀ። ሚስቱ ሳቁን ሰምታ ከጓዳ ወጣች፤ ከዚያ ቁልቁለት ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። ማንንም ሳያማክር ጋቢና ገባ። እጁስ? ይንቀጠቀጣል። ቁልፉን የሰካው በሁለት እጁ ነው። ሞተሩ ተነሳ። እስከ ገበያው ነዳ፤ አህዮች ቀደሙት፤ ደርሶም ተመለሰ። መኪናው አልተሸጠም።

ወገኖቼ፣ የሰውየው እጅ መንቀጥቀጡን አቁሞ ነበር? አላቆመም። ቁልቁለቱ ተስተካክሎለት ነበር? የት ተደርጎ! ያሳረፈው አንድ ነገር ነው፦ ጠንካራ የሚባለውም አንድ ጊዜ ተመትቶ ራሱን ያዞረው እንደነበር ማወቁ።

እናንተስ? ሐኪሙ የነገራችሁን ሰምታችሁ የደነዘዛችሁ የላችሁም? ከቀብር ተመልሳችሁ የቤታችሁ በር የጠፋባችሁ የላችሁም? "እኔ አማኝ ልባል አይገባኝም" ብላችሁ ጥግ የያዛችሁ የላችሁም?

እግዚአብሔር እኮ ስንመታ አይቶናል። ስማችን ሲጠፋብን እሱ ይዞልናል። ታዲያ ማን ነው ያስቸኮላችሁ?

ዛሬ ስትወጡ አንድ ሰው "በርቱ" ቢላችሁ፣ "እሺ፣ ገና ያዞረኛል" በሉትና ክንዱን ያዙ። የአዳራሻችን ደረጃ እንደሆነ መደገፊያ የለውም።