የፕሪንተሩ አፍንጫ የማን ነው?

አንድ ጊዜ፣ አያ ጅቦ ነጋዴ ሆኖ በነበረበት ሰሞን ነው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲባል ሰምታችኋል። እኔ የምነግራችሁ ግን በሚያውቁት አገር የሠራውን ነው። ከወንዝ ማዶ አንድ ፕሪንተር ተሸክሞ መጣና ለእመት ዳልቻ ሸጠላት።

እመት ዳልቻ አህያ ናት። ዕድሜ ልኳን ጭነት ስትሸከም ኖራ፣ «ጤፍና ገብሱ ይበቃኛል፤ እስቲ ደግሞ ፊደል ልሸከም» ብላ ለመንደሩ ግልገልና ጥጃ ማንበቢያ ማተም ጀመረች። ንጽሕት ናት፣ ሙያተኛ ናት፣ ደግሞም ኩሩ ናት። የፕሪንተሩን ዋጋ በቁርበት ከፈለች። ጅቦም ቁርበቱን ወደ ቤቱ እንኳ ሳያደርስ እዚያው በልቶ ጨረሰው።

ፕሪንተሩ ግሩም ነበር። ጣጣው ካርትሪጅ የሚሏት የቀለም ዕቃው ላይ ነው። ቀለሙ ባለቀ ቁጥር አዲስ ካርትሪጅ ከጅቦ መግዛት ግድ ሆነ፤ የአንዷም ዋጋ አንድ ቁርበት። ቀለሙ ደግሞ ቶሎ ማለቁ! መንደርተኛው ለልጆቹ ማንበቢያ ሲል የሚተኛበትን ቁርበት እያነሳ ሰጠ፤ በመጨረሻ ሁሉም ባዶ መሬት ላይ ይተኛ ጀመር።

ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ቀለሙ እንደገና አለቀ። እመት ዳልቻ ጅቦ ዘንድ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ መንደሩ ውስጥ አንድ ቁርበት አልተረፈም። የዛሬን በዱቤ ስጠኝ።»

ጅቦ ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ አያትና ምራቁን ዋጠ። «ቁርበት የለም ትያለሽ? ታዲያ ይሄ የለበስሽው ምንድን ነው? ቀለም ከፈለግሽ እሱን ይዘሽ ነይ!»

እመት ዳልቻ በሩጫ ቤቷ ገባች። እዚያ ስትደርስ ግን ፍርሃቷ ወደ ንዴት ተለወጠ። «ቀለም ማለት ምንድን ነው? ጥላሸት አይደለም እንዴ!» አለች። የድስቱን ቂጥ ፋቀች፣ ገብስ አሳርራ ፈጨች፣ በግራር ሙጫ ለወሰችው። ምን የመሰለ ቀለም ወጣው! ከዚያ አንዷን አሮጌ ካርትሪጅ ወንዝ ወርዳ እስክታብረቀርቅ አጠበቻት፣ ቀለሙን ሞላችባትና ፕሪንተሩ ውስጥ አስገባቻት።

ፕሪንተሩ አሸተተ። ቀይ መብራት አበራ። «ይህ የጌታዬ ዕቃ አይደለም፤ ቀለም የለም!» አለ።

«ሞልቶ እየፈሰሰ? ዓይንህ ታውሯል?»

«ቀለም የለም!»

አውጥታ እንደገና አጠበቻት፤ ያው ነው። በዚህ መሐል ቀበሮ በበሩ ብቅ አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል? ሰው ሲቸገር ይሳቃል?» አለች እመት ዳልቻ።

«ንጽሕናሽ ነው ያሳቀኝ፣ እመት ዳልቻ። ጅቦ ካርትሪጁን ሁሉ ገላው ላይ አሽቶ እንደሚሸጥ ከቁጥቋጦ ሥር ሆኜ አይቼዋለሁ። ፕሪንተሩ ሆድ ውስጥ አፍንጫ አለ። የጅቦ ጠረን ካልሸተተው በቀር ቀለም እንደ ወንዝ ቢፈስም የለም ይላል። አንቺ ደግሞ ጠረኑን አጥበሽ ለወንዝ ሰጠሽው!»

«ኧረ ጉድ! የገዛ ሙያዬ ጉድ ሠራኝ በይኛ!»

ጓሮ ከተጣሉት መካከል ያልታጠበች ካርትሪጅ ፈልጋ አመጣች። ሽታዋ ያስነጥሳል። አፍንጫዋን ይዛ፣ በቀጭን መቃ ቀለሙን ሞላችና አስገባቻት። ፕሪንተሩ አሸተተ። «እንዴት ዋሉ ጌታዬ!» ብሎ ማተም ጀመረ። ፊደሉ ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ ከጅቦ ውሃ ውሃ ከሚል ቀለም ጋር የማይወዳደር! እመት ዳልቻ ወረቀቱን ስታይ ደስታዋን መቻል አቃታት። «እሰይ የኔ ጥላሸት!» ብላ አናፋች። አህያ ስታናፋ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ጅቦም ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ሰማ።

ሮጦ መጣ፣ አየ፣ አበደ። እየጎተተ ወስዶ የአገሩ ዳኛ አንበሳ በሚያስችልበት ዋርካ ሥር አቆማት።

«ጌታዬ፣ ጠረኔን ሰረቀችኝ! ያለ እኔ ቀለም ማተም የለባትም። ለካሳዬ ቆዳዋ ይሰጠኝ!»

መንደርተኛው ተሰብስቧል። አንዱ ከኋላ «መቼስ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲል አጉረመረመ። እመት ዳልቻ ግን አንገቷን አልደፋችም።

ቀበሮ ብድግ አለች። «ጌታዬ፣ አያ ጅቦ የዋዛ ነጋዴ አይደለም። ፕሪንተሩን ሲሸጥ አፍንጫውን ለራሱ አስቀርቷል። እውነቱን ነው፤ ያልሸጠውን ማን ይነካበታል?»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ ጅቦ እየተጀነነ።

አንበሳ ጺሙን ዳበሰ። «መልካም። አፍንጫውን ካልሸጥክ፣ የተቀበልከው የሙሉ ዕቃ ዋጋ ነውና የአፍንጫውን ድርሻ ቁርበት መልስላት።»

ጅቦ ሳያስበው እጁ ሆዱ ላይ አረፈ። «መመለስ? ምን ሲደረግ! ጅብ የዋጠውን መልሶ ያውቃል? ሁሉንም ነው የሸጥኩት! ከነክዳኑ፣ ከነሽቦው፣ ከነአፍንጫው!»

ዋርካው ሥር ሳቅ ሆነ። ጅቦ ግራ ቀኝ አየ፤ ምን እንዳለ የገባው ዘግይቶ ነው።

እመት ዳልቻ ወደ ፊት ወጣች። «ጌታዬ፣ ሰምተዋል። አፍንጫው የኔ ከሆነ ስፈልግ አሸትትበታለሁ፣ ስፈልግ እደፍነዋለሁ።» ፕሪንተሩን አስመጣች። ሁሉም እያየ ጥጥ ጠቅልላ አፍንጫው ላይ ወተፈች። ያቺን የሸተተች ካርትሪጅ አውጥታ ጣለች። በምትኩ ያቺን ወንዝ ወርዳ ያጠበቻትን፣ የምታብረቀርቀውን አስገባች።

ፕሪንተሩ ትንፍሽ አላለም። ጸጥ ብሎ አተመ።

አንበሳ ፍርዱ በዚያው በእርሷ ቀለም ታትሞ ዋርካው ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ። የማንበቢያው ወረቀትም ለግልገሉ፣ ለጥጃው፣ ለውርንጭላው ተዳረሰ። እመት ዳልቻ ጆሮዋን ቀስራ ወደዚያ ወዳጉረመረመው ዞረች። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አልክ? ልክ ነህ። እኔን ግን ባል መች አስፈለገኝ፤ ሙያዬ አስጣለኝ!» መንደሩ በእልልታ ቀለጠ።

ጅቦ ከዚያ በኋላ በዚያ አገር ቁርበት የሚሰጠው ጠፋ። እንግዲህ ወደማያውቁት አገር የሄደው ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ የምንማረው ዋጋውን ከፍለን የገዛነው ዕቃ ከነአፍንጫው የእኛ መሆኑንና በእጁ ሙያ ያለው ሰው ለስግብግብ ነጋዴ ቆዳውን አሳልፎ እንደማይሰጥ ነው።