የቀጨሞ ምንጭ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ለእንግዳ ከምግብ በፊት ውሃ አቅርቦ «እስኪ ቅመሱት!» የሚል ኩሩ መንደር ነበር፤ ስሙም ቀጨሞ። ቢኮራ አይፈረድበትም። ምንጩን በሲሚንቶ ገንብቶ፣ ቧንቧ ቀብሮ ውሃውን እስከ ቦኖው ያወረደው ሕዝቡ ራሱ ነው። አንድ የጥንት ልማድ ግን አልተወም፤ የሙሽራ ውሃ ከቦኖ አይቀዳም። የሙሽራዋ አጎት ሽቅብ ወጥቶ፣ የምንጩን ክዳን አንስቶ፣ ከዓይኑ በቅል ይቀዳላታል።

የምንጩ ጠባቂ አያ ቢተው ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ የቦኖ ጠባቂዋ ይታይሽ፣ ግንበኛው አንለይና ጨዋታ አዋቂው ሙጬ። ይታይሽ ልጇን ስትድር በሰርጉ ዋዜማ የሙሽራዋን ውሃ የቀዳው ሙጬ ነበር። ጠላው ሞቅ አድርጎት ስለነበር ክዳኑን በቅጡ ሳይገጥም ወረደ። ሌሊቱን ዶፍ ጣለ።

በሰርጉ ጠዋት ይታይሽ ቦኖውን ብትከፍት ውሃው ደፍርሷል፤ እበት እበት ይላል። ወዲያው ዘግታ በሩ ላይ ቆመች።

«በገዛ ልጅሽ ሰርግ ልታዋርጂን ነው?» አሏት ዘመዶቿ።

«ልዋረድ! ከዚህ ግን ማንም አይጠጣም።»

አማቾቿ አኩርፈው ሄዱ፤ እስካሁንም አልታረቋትም። ከዚያው ምንጭ ከሚመጣው ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ የጠጡ ልጆች ግን በተቅማጥ ወደቁ፤ ያኔ መንደሩ ገባው።

አንለይ መሣሪያውን ይዞ ወደ ምንጩ ወጣ። ከላይ ያለው አፈር በዝናቡ ርሶ ሊናድ ደርሷል። «ገመዱን ያዙልኝ» ብሎ ገባ። ጭቃውን ዝቆ አወጣ፣ ግድግዳውን ፈተገ፣ ስንጥቁን ደፈነ፣ በቁልፍ የሚዘጋ የብረት ክዳንም ገጠመለት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክሎሪን ጨምራ፣ ውሃውን አስመርምራ «አሁን ጠጡ» አለች።

ማን ይጠጣ! «ውሃችን በረኪና በረኪና ሸተተ» ብሎ ያ ሁሉ ኩሩ ሰው፣ ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ መቅዳት ጀመረ። በሽተኛው በዛ።

ይኼኔ ሙጬ ስለት ተስሎ ያገኛትን አንድያ ልጁን ታቅፎ ቦኖው ጋ መጣ።

«ክዳኑን ከፍቼ የተውኩት እኔ ነኝ፤ ስድቡን በኋላ ታወርዱብኛላችሁ» አለና ጠጣ። ቀጥሎ ጣሳውን ለልጁ አስጠጋ። እናቶች ጮኹ፤ ሕፃኗ ግን ጭልጥ አደረገችው። በማግስቱ ሕፃኗ ስትቦርቅ ያየ ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ ተሰለፈ።

የታመሙት ዳኑ፤ ቀጨሞም እንደገና ለእንግዳ «ቅመሱት!» አለ። አያ ቢተው ግን ዓይናቸው ደክሟል፤ የምንጩን ቁልፍ ከልጆቻቸው ለአንዱ ማስረከብ አለባቸው። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ይሁን ብሏል መንደሩ፤ ሁለት ሰው ከያዘው አንዱ በሌላው ያሳብባል። ቁልፉን የያዘ ሰው በየሰርጉ የመጀመሪያውን ጣሳ ከቄሱ ቀድሞ ይጠጣል። በቀጨሞ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም።

«ባልዘጋው ስንቱን እንቀብር ነበር?» አለች ይታይሽ።

«እታለም፣ የተዘጋ ቦኖ ጥም አይቆርጥም። ያጠራሁት እኔ ነኝ» አለ አንለይ።

«ማንም ካልጠጣው ቢጠራ ምን ይረባል?» አለ ሙጬ።

«አንተ ደግሞ! አበላሽተህ?» አለ አንለይ።

«አዎ፣ አበላሽቻለሁ። ከእንግዲህ ያንን ክዳን እንደ እኔ ተጠንቅቆ የሚዘጋ ማን አለ?»

አያ ቢተው ሦስቱንም በኩራት አዩ። ቁልፉን የያዘው እጃቸው ግን ወደ ማንም አልተዘረጋም።

እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ለማን ትሰጡት ነበር?